ፍሬሙ ሙሉ፣ መስታወቱ የጎደለ የተባለውን ካሜራዬን በተመለከተ

ለክቡር አቶ ወልደአረጋይ ፍሥሐ
የገጽታና የሥነ ሥርዓት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጎረቤላ

ጉዳዩ፦ ጤነኛ ካሜራዬ ከታሰረበት ካቢኔ እንዲፈታልኝ በትሕትና ስለመለመን

ክቡር ጋሼ ወልደአረጋይ፣

ከራስ ፀጉርዎ ቀለም እስከ እግር ጥፍርዎ ድረስ እንደምን ሰነበቱ? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ባለጉዳይ ብቻ እየመረጠ የሚነክሰው የግቢዎ ውሻ ሳይቀር ደህና ናቸው? የጎረቤላ ብርድ ሰሞኑን ጨክኗልና ቢሮዎ ውስጥ ጉልበትዎን በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ጠቅልለው እንደሚውሉ ሰምቼ በጣም ደስ ብሎኛል፤ ሥራ ላይ ያልዋለ ጉልበት ቶሎ ይቀዘቅዛል ይባላል። እኔ ካሜራዬ ካቢኔዎ ውስጥ ከመቆለፉ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ካሜራዬን ከፊታችን እሑድ በፊት ይመልሱልኝ። እሑድ አልዩ አምባ የነጋዴው የዘይኑልአቢዲን ልጅ ሁስና ታገባለች፤ አንሺው እኔ ነኝ። ካሜራውን የገዛሁት ባጃጄን ሸጬ ስለሆነ፣ ይህ ሰርግ ካመለጠኝ ባጃጅም ካሜራም ስምም የሌለኝ ሰው ሆኜ ቀረሁ ማለት ነው። ጉዳዩ በዚሁ ያልቅ ነበር፤ ለእርስዎ ክብር ግን ሦስት መስመር አይመጥንም ብዬ አስረዝሜዋለሁ።

ማን እንደሆንኩ ከረሱ፣ ሠረቀብርሃን ነኝ፣ የመሪጌታው ልጅ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ስምንተኛን ሁለት ጊዜ ስለተማርኩ ግን አንዱ እንደ ዘጠነኛ ሊቆጠርልኝ ይገባል። አባቴ ቅኔ ይዘርፋል ብለው ሲጠብቁኝ ባጃጅ ገዝቼ ተሳፋሪ ዘረፍኩ። ባጃጅ አይወጣውም የተባለውን የአንኮበርን ዳገት እኔ በኋላ ማርሽ ወጥቼዋለሁ፤ ምስክር ከፈለጉ ከኋላ የተቀመጡት ሴትዮ እስካሁን ሲያዩኝ ያማትባሉ።

ካሜራ የመግዛት ሐሳብ የመጣብኝ አንድ ፈረንጅ ወፍ ፍለጋ መጥቶ ባጃጄን የተኮናተረ ቀን ነው። ያቺን እኛ አገር ብቻ አለች የሚሏትን ትንሽ ወፍ ቀኑን ሙሉ ሲያነሳ ዋለ። አንዴ ካሜራውን አስያዘኝና ዓይኔን አስጠግቼ ሳይ የወፏ ላባ አንድ በአንድ ታየኝ፤ ላባው ላይ ያለው ጤዛ ታየኝ፤ እንደውም ወፏ የተናደደች መሆኗ ሁሉ ታየኝ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ከነከነኝ። የጎረቤላ ወፍ ከነላባዋ ተነስታ አገር ለአገር ስትዞር፣ የጎረቤላ ሰው ግን መታወቂያው ላይ እንኳ የጠቆረ ድስት ነው የሚመስለው። በቃ፣ ባጃጄን ሸጥኩ። እናቴ በር ላይ ወጥታ «ሦስት እግር ያለውን ሸጦ አንድ ዓይና ይዞልኝ መጣ! ጎረቤት ስሙኝ!» ብላ ጮኸች። ጎረቤትም ሰማት።

አዲስ አበባ ሻጩ ራሱ ነው የደነገጠልኝ። «ወንድሜ፣ ለየትኛው ጣቢያ ነው?» ሲለኝ «ለጎረቤላ» አልኩት። «ጎረቤላ ቴሌቪዥን ተከፈተ እንዴ?» አለኝ። «እኔ ስገባ ይከፈታል» አልኩት። ፉል ፍሬም ነው፣ ሚረርለስ ነው፣ ስልሳ አንድ ሜጋፒክስል ነው። እርስዎ በቁጥር እንዳይጨነቁ በእኔ አማርኛ ላስረዳዎት፦ አንኮበር ዳገት ላይ ቆሜ ቆላውን ባነሳ፣ ወደ አልዩ አምባ ገበያ የሚወርደው ግመል ብቻ ሳይሆን ግመሉ ስለ ባለቤቱ ምን እንደሚያስብ ይነበባል። ከደብረ ብርሃን እስከ ሰላ ድንጋይ እንዲህ ያለ ካሜራ ያለው ሰው ካለ ይምጣና እጁን ልሳመው። እስካሁን የመጣ የለም።

አሁን ወደ በደሌ ልግባ። በደል ስል ያው ውለታዎን ማለቴ ነው።

አንደኛ፦ ጽሕፈት ቤትዎ ያሠራው የማስታወቂያ ሰሌዳ ሊመረቅ ሲል «አዲስ ካሜራ ገዝተሃል አሉ፤ እኔን በማንሳት ይመረቅልህ» ብለው በራስዎ አፍ ጋበዙኝ። ክብር ነው ብዬ መጣሁ። መቀሱ ደንዞ ሪባኑ እምቢ ሲልዎ፣ በእጅዎ ጎትተው እምቢ ሲልዎ፣ በመጨረሻ በጥርስዎ ሲረዱት ሁሉንም አነሳሁ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ አጉልቼ ሳሳይዎ የፀጉርዎ ቀለም ጆሮዎ ጫፍ ላይ እንደደረሰ አዩ፤ ከአፍንጫዎ ጎን ያለችውንም አዩ። «ይቺን ኪንታሮት ካሜራህ ነው የጨመረብኝ» ብለው በሰው ፊት ወቀሱኝ። ጋሼ፣ ይኼ ካሜራ መደመር አያውቅም። ኪንታሮቷ የእርስዎ ናት፤ ይዘዋት የኖሩ ይመስለኛል፤ እኔ ያደረግሁት ማስተዋወቅ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ የዚያኑ ቀን ረፋድ ላይ ከፎቶዎችዎ የተሻለውን፣ ጥርስ የሌለበትን፣ መርጬ ፌስቡክ ገጼ ላይ ለጠፍኩ። ከላዩ ላይ «ክቡር አቶ ወልደአረጋይ ዛሬ ጠዋት ተነሱ! እንኳን ደስ አለን!» ብዬ ጻፍኩ። ደስ ያለኝ የካሜራዬ የመጀመሪያ ሥራ እርስዎ ስለሆኑ ነው። ታዲያ ይኼ ካሜራ የሚያወጣው ፎቶ እንደ እርስዎ ከባድ ስለሆነ የጎረቤላ ኔትወርክ መሸከም አቃተው። ጽሑፉ አለፈ፤ ፎቶው ላይ አንዲት ክብ ነገር እየዞረች ቀረች። ሕዝቡ ያየው እንግዲህ ጽሑፉን ብቻ ነው።

እኔ ፎቶ ተነሱ ማለቴ ነበር። አንሺ ሰው ቀኑን ሙሉ «ተነሳሽ ወይ? ቅድም ያነሳሁህ ልጅ፣ ቀና በል ላንሳህ» ሲል ስለሚውል ፎቶ የምትለዋ ቃል ከአፉ ትጠፋለች። ሕዝቡ ግን ኃላፊ ተነሳ ሲባል የሚያውቀው አንድ መነሳት ብቻ ነው፤ እሱም ከወንበር ነው። እኔ ጎረቤላ ውስጥ እንዲህ ያለ ደስታ ያየሁት ጥምቀት ላይ ብቻ ነው። አስካለማርያም ሻይ ቤት ሻይ በነጻ ሆነ። አንዱ «እውነት ከሆነ ለገብርኤል ሻማ አለብኝ» ይላል፤ ጓደኛው «ለአንተ ቀላል ነው፤ እኔ በግ ነው የተሳልኩት። እንደዚህ ቶሎ ይሰማኛል ብዬ መች አሰብኩ!» ይላል። ሴቶቹ ደግሞ ነጠላቸውን አጣፍተው ቤትዎ ሄዱና ባለቤትዎን «አይዞሽ፣ ዋናው ጤና ነው፤ ወንበርማ ይመጣል ይሄዳል» ብለው ሲያጽናኑ ዋሉ። ባለቤትዎም ምን እንደሆነ ሳያውቁ አለቀሱ አሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው የምክትልዎ የአቶ ዘርአ ዳዊት ነው። ጸሐፊዎ ሠናይት ለአስካለማርያም፣ አስካለማርያም ለእኔ፣ እኔ ለሁሉም እንደነገርኩት፣ እርስዎ ከምሳ ሲመለሱ አቶ ዘርአ ዳዊት ከቤታቸው ትራስ አስመጥተው ወንበርዎ ላይ አንጥፈው ተቀምጠዋል። «ዘርአ ዳዊት፣ ምን ትሠራለህ?» ሲሏቸው ዓይናቸውን እንኳ ሳያርገበግቡ «ወንበሩ ይወዛወዛል ሲሉ ሰምቼ ልፈትሸው ብዬ ነው፣ ጌታዬ» አሉ።

ጋሼ፣ ለዚህ መቆጣት ሳይሆን መሸለም ነበረብዎት። ሌላው ሹመኛ ወዳጁንና ጠላቱን የሚለየው ከተነሳ በኋላ ነው። እርስዎ ሳይነሱ ለዩ። ይህን ዕድል ከእኔ በቀር ማን ሰጠዎት?

ሦስተኛ፦ በማግስቱ ካሜራው «ይመርመር» ተባለና የንብረት ቁጥጥር ባለሙያዎ አቶ ቃለ አብ፣ እንግሊዝኛ ጠጥቷል የሚባለው፣ አዲስ የከፈትኳት ፎቶ ቤቴ ድረስ መጣ። «ምን ዓይነት ካሜራ ነው?» አለኝ። «ሚረርለስ ነው» አልኩት። «በአማርኛ ንገረኝ፤ ሰነዱ በአማርኛ ነው።» እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። «መስታወት የሌለው ማለት ነው» አልኩት። ካሜራውን ገለባብጦ፣ ጆሮው ሥር ነቅንቆ፣ አሸተተና «ታዲያ መስታወቱን ምን አደረግከው?» አለኝ።

«ሲሠራም የለው!» አልኩት።

«ሲሠራም ከሌለው እንዴት የሌለው ይባላል? እኔ ቀንድ የሌለው ቃለ አብ ነኝ ብዬ ራሴን አስተዋውቄህ አውቃለሁ?»

እውነቱን ልናገር፣ ቀንድ ይኖረው እንደሆነ ግንባሩን አየሁ። እሱም ይህን ሲያይ በርታ አለና «ፍሬሙስ?» አለኝ። «ፍሬሙ ሙሉ ነው፤ ፉል ፍሬም ነው» አልኩት፤ ያዳነኝ መስሎኝ። ቁጭ ብሎ «ፍሬሙ ሙሉ ሆኖ መስታወቱ የጎደለ አንድ ካሜራ፣ የጎደለው እስኪሟላ በአደራ እንዲቀመጥ» ብሎ ጻፈ። በአገራችን ፍሬምና መስታወት ግድግዳ ላይ አብረው ነው የሚሰቀሉት፤ ይህን ያነበበ ሁሉ መስታወቱን ሰብሬ ቀሪውን ልሸጥ የመጣሁ ሌባ አድርጎ ያየኛል። አይቶኝማል።

ለእርስዎ ግን በእርጋታ ላስረዳ። የድሮው ካሜራ ሆዱ ውስጥ አንዲት መስታወት አለችበት። ለሚያነሳው ሰው የሚያነሳውን ነገር ታሳየዋለች፤ እሱ እውነት ነው፤ ግን ፎቶው ሊነሳ ሲል መሃል ላይ ተቀምጣ ብርሃኑን የምትጋርደው እሷው ስለሆነች ቀጭ ብላ ዞር ማለት አለባት። የውጭ አገር ሰዎች አሰቡበትና «መሃል ተቀምጦ ብርሃን የሚጋርድ ነገር ለምን ያስፈልጋል?» ብለው ጭራሽ አስቀሯት። ካሜራው ቀለለ፣ ፈጠነ፣ ድምፁም ጠፋ። እኔ ይህን የተናገርኩት ስለ መስታወት ነው።

አራተኛ፦ ያም ሆኖ ታዛዥ ሰው ነኝና መስታወት አመጣሁ። ባጃጄን ስሸጥ ገዢው አልፈልግም ያለኝ የግራ ስፖኪዮ ነበረኝ፤ አጥቤ፣ ወልውዬ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ አስረከብኩ። አቶ ቃለ አብ በማስመሪያ ለካው። ከዚያ «የመስታወቱ ሞዴልና የካሜራው ሞዴል አይናበብም» ብሎ ካሜራውንም ስፖኪዮውንም ያዘ። አሁን ካሜራ ፍለጋ ሄጄ ስፖኪዮ የተወሰደብኝ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነኝ። ሠናይት እንደነገረችኝ ስፖኪዮዬን በርዎ ትይዩ ሰቅለው ከረባትዎን ያስተካክሉበታል። በደስታ ነው። ሲሠራም ከኋላ የሚመጣውን ለማየት ስለሆነ፣ አቶ ዘርአ ዳዊት ትራስ ይዘው ሲገቡ ቀድመው ያዩዋቸዋል።

አምስተኛውን አራተኛው ውስጥ ስለጨረስኩት ስድስተኛ፦ ባለፈው ሳምንት ቆላ ወርጄ ለዘይኑልአቢዲን ነገሩን ላስረዳ ሞከርኩ። ስለ መስታወቱ ነገርኳቸው፤ ስለ ፍሬሙ ነገርኳቸው፤ ስለ ቀንዱም ነገርኳቸው። ጨዋ ሰው ናቸው፤ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ልጄ፣ አላህ ያግራልህ። ግን እሑድ ካሜራ ይዘህ ና እንጂ ምክንያት ይዘህ አትምጣ። ሙሽራ በምክንያት አትነሳም» አሉኝ። የሁስና እናት ኩብራ ደግሞ ከጓዳ አንድ ፎቶ አምጥታ አሳየችኝ። የራሷ ሰርግ ነው። ከዚያ ቀን የቀራት ያ ብቻ ነው። ልብሷ አለ፣ እጇ ላይ ያለው ሂና አለ፣ ከአንገቷ በላይ ግን የለም፤ አንሺው ቆርጧታል። «ሁስናዬን ሙሉዋን አንሳልኝ፤ እኔ መልኬ ምን ይመስል እንደነበር ለልጆቼ በአፌ ነው የምነግራቸው» አለችኝ። እኔ ብዙ የምናገር ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ግን «እሺ» ብቻ ነው ያልኩት። ጋሼ፣ እሺ ያልኩት በእርስዎ ካቢኔ ውስጥ ባለ ካሜራ ነው።

ሰባተኛ፦ ይቺ እንኳ ንጹሕ ምስጋና ናት። ባለፈው እሑድ የልጅ ልጅዎ ክርስትና ስትነሳ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሜ ነበር። እንኳን ደስ አለዎት፤ እግዚአብሔር ያሳድግልዎ። ታዲያ በአደራ ተቆልፏል የተባለው ካሜራዬ በአቶ ቃለ አብ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ሲመጣ አየሁት። ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ ምክንያቱም መስታወት የጎደለው ካሜራ እንዴት ያነሳል? አቶ ቃለ አብ ሌንሱን እንደ ጡጦ ጨብጦ ካህናቱን አነሳ፣ ክርስትና እናቷን አነሳ፣ ሕፃኗን ስታለቅስም ዝም ስትልም አነሳ። እርስዎም ከነኪንታሮትዎ ቆመው ተነሱ። ካሜራ ሲቆለፍ ስለሚታፈን አየር እንዲያገኝ ስላወጡልኝ ውለታዎን አልረሳም። አደራ የተቀበለ ሰው አደራውን አንገቱ ላይ አስሮ ሲዞር ማየት ለእኛ ለወጣቶች ትልቅ ትምህርት ነው፤ እኔ ስምንተኛን ሁለቴ ስማር ይህን አላስተማሩኝም።

እንግዲህ ጋሼ፣ ቂም የለኝም። ሰው በዚህ አገር እየሮጠ የሚሸሸውን ሥራ እርስዎ ከብርድ ልብስ ሳይወጡ ስለሚያከናውኑ አደንቅዎታለሁ። ካሜራውን ዓርብ ከሰዓት በፊት ከላኩልኝ በሰው ፊት እጅ ነስቼ እቀበላለሁ፤ ስፖኪዮው ለቢሮዎ መታሰቢያ ይሁን። ፌስቡክ ገጼ ላይም ማረሚያ አወጣለሁ፤ «አቶ ወልደአረጋይ አልተነሱም፤ እንኳን አደረሳችሁ» ብዬ። በዚህ ጊዜ ፎቶ ስለሌለው ቶሎ ያልፋል።

ጉልበትዎ ይሙቅ፤ ወንበርዎ አይወዛወዝ፤ ከረባትዎ ቀጥ ይበል።

በፊትዎ ዝቅ ብዬ፣ ዝቅ ባልኩበት ግን ወደ ላይ እያየሁ፣

ሠረቀብርሃን
ቀድሞ የባጃጅ ባለቤት፣ ቀጥሎ የካሜራ ባለቤት፣ በአሁኑ ሰዓት የካሜራ ቦርሳ ባለቤት
ጎረቤላ

ግልባጭ፦
ለአስካለማርያም ሻይ ቤት (ከመስኮቱ በስተቀኝ እንዲለጠፍ)
ላስመረቁት የማስታወቂያ ሰሌዳ (እስካሁን ምንም ስላልተለጠፈበት ብርድ እንዳይመታው)
ለአቶ ዘርአ ዳዊት (ለመረጃ ያህል ብቻ፤ ትራስ አያስፈልግም)

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ሠናይት ትናንት ሻይ ቤት መጥታ «ለሌላ ሰው ነው የምጠይቅህ፤ አንድ ሰው ባንተ ዓይነት ካሜራ ቢያነሳ ፎቶው ኋላ የት ነው የሚገኘው?» አለችኝ። ለዚያ ለሌላው ሰው መልሴን ያድርሱልኝ። የሚገኘው ሚሞሪው ላይ ነው። ሚሞሪውን ግን አቶ ቃለ አብ ካሜራዬን ሊወስድ ወረቀቱን ሲጽፍ ከካሜራው ጎን ስቤ አውጥቼዋለሁ፤ ይህን ስጽፍልዎ ኪሴ ውስጥ ነው። ክርስትናው ላይ ስክሪኑ ላይ በቀይ ሲብለጨለጭ የዋለው እንግሊዝኛ የሚለው «ሚሞሪ የለም» ነው፤ አቶ ቃለ አብ «በጣም ጥሩ» ማለት ነው ብሎ እንደተረጎመላችሁ ሰምቻለሁ። ሁስናን እሑድ ካነሳሁ፣ ሰኞ ሕፃኗን ያንኑ ነጭ ቀሚሷን አልብሰው ቢያመጧት በነጻ አነሳታለሁ። እስከዚያው ግን ጋሼ፣ የልጅ ልጅዎ ክርስትና ተነስታለች እንጂ ፎቶ አልተነሳችም።